እሳት ጫሪ

አቶ ባንተአምላክ ልጃቸውን ሊጠይቁ ባዶ እጃቸውን መጡ። ከቡሬ ወዲያ ካለው ቀያቸው ወደ ፍኖተ ሰላም ብቅ ባሉ ቁጥር ከእጃቸው አንድ ነገር ታጥቶ አያውቅም፤ ወይ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ነው፣ ወይ አንድ ቅል ማር፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ለቤት አከራይዋ የሚሆን ሁለት ትርንጎ አይጠፋም። ትናንት አመሻሽ ላይ የግቢውን የቆርቆሮ በር አንኳኩተው ሲገቡ ግን የያዙት ዱላቸውን ብቻ ነበር። «ምነው አባየ፣ በደህና ነው?» ብትላቸው፣ «ጠይቄሽ ልሂድ ብየ ነዋ» አሉ። ቤት እንዴት ነው? ደህና። እማየስ? ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ ዝናቡስ? ሁሉም ደህና፣ ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን። ያምሮት ስትጠይቅ፣ እሳቸው ሲያመሰግኑ ራት ቀረበ፣ ራት ተበላ፤ ከዚያ በኋላ በአንዷ ክፍል ውስጥ አባትና ልጅ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰማ ዝም ብሎ አደረ።

ክፍሏ በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር የምትከራያት ሰርቪስ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ካርቶን ላይ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ባሕር ዳር የተመረቀች ዕለት የተነሣችው ፎቶ። አልጋውን ለአባቷ ለቃ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ነው ያደረችው። ጧት ስትነቃ አባቷ ጫማቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፎቶውን ያያሉ። «ዛሬ ልመለስ ይሆን?» አሉ፣ ለራሳቸው ይሁን ለእሷ በማይታወቅ ድምፅ። የሚመለስ ሰው ይነሣና ይሄዳል እንጂ አይጠይቅም። ያምሮት አሟቸዋል ብላ ደመደመች። «ሐኪም ቤት እንሂድ?» ስትላቸው ተቆጡ። «ኧረ እኔ ምን ሆኘ! ደህና ነኝ» አሉ። «እንግዲያው እስከ ነገ ይቆዩልኝ፤ ለምሳ እመጣለሁ» ብላ ወጣች፤ ሐሳቧ ግን እቤት ቀረ። ከድሮም የተከደነ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። በስምንት ዓመቷ የአባቷን ሬዲዮ ፈታ፣ መልሳ ገጥማ፣ ሁለት ብሎን የተረፋት ልጅ ናት። ሬዲዮው ከዚያም በኋላ ይሠራ ነበር፤ ያምሮት ግን እነዚያ ሁለት ብሎኖች የት ኖሯል የሚገቡት እያለች እስከ ዛሬ ታስባለች።

መሥሪያ ቤቷ «ሰባት ወንዝ» የሚባል የገበሬዎች ዩኒየን ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ቢሮውና መጋዘኑ በአንድ ግቢ። ገበሬው በየቀበሌው ላለው የልማት ሠራተኛ ስሙን ይሰጣል፤ የልማት ሠራተኛው በስልኩ ይመዘግባል፤ ስሙ ያምሮት በሠራችው ሲስተም በኩል ተጉዞ የዩኒየኑ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መጋዘኑም ያንን ዝርዝር እያየ የበቆሎ ምርጥ ዘር ያድላል። ስሙ ያለ ይወስዳል፣ ስሙ የሌለ አይወስድም። ጊዜው ግንቦት አጋማሽ ነው። ዝናቡ ጀማምሯል፤ በዚህ ሰሞን ዘሩን ያላገኘ ሰው ታርሶ የተዘጋጀ ማሳውን እያየ ክረምቱን መግፋቱ ነው።

አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። በመካከሉ እንደ ሰፌድ የሰፋ አረንጓዴ ክብ አለ፤ ከሥሩም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚል ጽሑፍ። ይህም የያምሮት ሥራ ነው። በጥር ወር ሲስተሙ ሲመረቅ ሥራ አስኪያጁ አቶ ገነነ «እንግዶቹ ሲስተሙ እንደሚሠራ በዓይናቸው የሚያዩት አንድ ነገር ይኑር» ስላሉ፣ በዋዜማው ተቀምጣ ለሲስተሙ የጤና መጠየቂያ አድራሻ አበጀችለት። ቴሌቪዥኑ በየደቂቃው ወደዚያ አድራሻ እየሄደ «እንዴት ነህ?» ይለዋል። ሲስተሙ ከመለሰ ክቡ አረንጓዴ ይሆናል፤ ዝም ካለ ይቀላል። መልሱ ምን ይሁን ብላ ብዙም አልተጨነቀችም፤ የአገሯ ሰው እንዴት ነህ ሲባል የሚለውን አስባለችው። እንግዶቹ አነበቡት፣ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። እሷም ነገ ከነገ ወዲያ ደህና አድርጌ እሠራዋለሁ አለች፤ ነገ ከነገ ወዲያም አራት ወር ሆነው። በእነዚህ አራት ወራት ክቡ አንድም ቀን ቀልቶ አያውቅም።

ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአዳራሹ በኩል ስታልፍ ነው መስኮቱ ዘንድ ጭቅጭቅ የሰማችው። ከመስኮቱ ውስጥ የመጋዘኑ ጸሐፊ ስመኘው ነው፤ ከውጭ ከማንኩሳ ገጠር የመጡ ንግሥቴ የሚባሉ ባልቴት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል።

«እማማ፣ ስምዎ የለም አልኩዎት እኮ።»

«ተመዝግቤ?»

«ቢመዘገቡማ ይኖር ነበር። ይኸው ይመልከቱት።» ስመኘው በእስክሪብቶው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ። «ሲስተሙ ደህና ነው።»

«ልጄ፣ እኔ መቸ ሲስተሙ ታመመ አልኩ? ጤና ይስጠው። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ዘሬ ነው እንጅ።»

ሰልፉ ሳቀ። ስመኘው ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሰው ሲስቅበት ግን ክፉ ይሆናል። «ሳይመዘገቡ ተመዝግቤያለሁ የሚል ሰው ከጧት ጀምሮ እርስዎ አራተኛ ነዎት» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ «በዚህ ዕድሜዎ ባይዋሹ ጥሩ ነው። ያስቀስፋል።» ሳቁ ቀጥ አለ። ባልቴቷ አልተነቃነቁም። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንዲት ትንሽ ስልክ አወጡና በመስኮቱ በኩል ዘረጉለት። ስመኘው አልተቀበላቸውም፤ «መልእክት ዝርዝር አይደለም» ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ስልኩን የተቀበለቻቸው ያምሮት ናት። «ንግሥቴ ወልደ ዮሐንስ፣ ለበቆሎ ዘር ተመዝግበዋል» ይላል፤ የመጣው ግንቦት ስምንት ቀን ነው። ይህን መልእክት የሚልከው ሰው አይደለም፤ ሲስተሙ ነው፤ ቃሉን አንድ በአንድ የጻፈችውም እሷ ናት። ዋሹ የተባሉት ግን እኒህ ሴት ናቸው። «እማማ፣ እዚህ ወንበር ላይ አረፍ ይበሉ፤ እኔ ሳልነግርዎት እንዳይሄዱ» አለቻቸው። «ወዴት እሄዳለሁ የኔ ዓለም» አሉ ንግሥቴ፣ ስልካቸውን መልሰው እየቋጠሩ፤ «ማሳው እንደሆነ ታርሶ ይጠብቀኛል፤ ያለ ዘር ብሄድለት ምን እለዋለሁ?»

በጓሮ በር ስትወጣ ሁለት አይሱዙ መጋዘኑ ደጃፍ ቆመው፣ ወዛደሮች የዘር ከረጢት እየደረደሩባቸው ነው። ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ትርፍ ነው አሏት፤ ባለቤት ያጣ ዘር፤ ለሌላ ወረዳ ተሰጥቷል፣ አቶ ገነነ ፈርመዋል፣ በአሥር ሰዓት ይንቀሳቀሳል። ያምሮት መኪናዎቹን እያየች ቆመች። በየዓመቱ ዘር አነሰ እየተባለ ሰው ይጣላል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ይለቀሳል። ዘንድሮ እንዴት ተረፈ? ያ የሁለቱ ብሎን ነገር ትዝ አላት።

ሰርቨሩ ያለው ድሮ የፀረ ተባይ መድኃኒት ይቀመጥባት በነበረች ጠባብ ክፍል ነው፤ ሽታው ዛሬም አለቀቃትም። ያምሮት አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ተቀመጠችና መዝገቡን ከፈተች። ንግሥቴ ወልደ ዮሐንስ የለም። መጨረሻ የተመዘገበው ሰው ማን ነው ብላ ብትመለከት፣ ግንቦት ሁለት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከዚያ ወዲህ አንድም ስም የለም። አሥር ቀን! ማንም ልብ አላለውም፤ ገበሬው ተመዝግቦ አበቃ ብለው ነው ያሰቡት፤ እሷም ጭምር። ማንኩሳ ላለው የልማት ሠራተኛ ደወለች። «ኧረ እኔ በየቀኑ እየመዘገብኩ ነው፤ ዛሬ ጧት እንኳ ሦስት ሰው አስገብቻለሁ፤ ተመዝግቧል ይለኛል» አላት። ስም ተቀባዩን ፕሮግራም አየችው፤ አለ፣ ይሠራል። መዝገቡን አየችው፤ አለ፣ ይሠራል። መስመሩም አለ። አንድ በአንድ ስትጠይቃቸው ሁሉም ደህና ናቸው፤ ስሞቹ ግን የሉም። በመጨረሻ ያንን የጤና መጠየቂያ የጻፈችበትን ቦታ ከፈተች። አንዲት መስመር ናት። ሲስተሙ ይታመም፣ ይደንዝዝ፣ የበላው ሆዱ ውስጥ ይቅር፣ አፉ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሌላ እንዲል አላስተማረችውም። ብቻዋን አፈረች፤ ማፈሯ ግን ችግሩ ያለበትን አልነገራትም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከማዶው ምግብ ቤት በመቶ ሃያ ብር ሽሮ በሳህን አስጨልፋ እቤቷ ገባች። አባቷ ጧት ከተወቻቸው ቦታ አልተነሡም። ጥቂት ቆረሱና እጃቸውን ሰበሰቡ። ያምሮት እህል በአፏ እንደያዘች ስለ ባልቴቷ፣ ስለ ጠፉት ስሞች፣ ስለ አረንጓዴው ክብ አወራቻቸው። ለባላገር አባቷ ስለ ሰርቨር ማውራት ልማዷ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ማንም ይስማት። አቶ ባንተአምላክ መጀመሪያ ወደ መሬት እያዩ ሰሙ፤ ኋላ ቀና አሉ።

«ማን ነው እንዴት ነህ የሚለው?»

«ቴሌቪዥኑ።»

«እሱስ ምን ይላል?»

«ደህና ነኝ ይላል። ሁልጊዜ።»

«ታዲያ ምን ይበል?» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እንዴት ነህ ተብሎ ደህና አይደለሁም ያለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ይኼ የእግዜር ሰላምታ ነው እንጅ ጥያቄ አይደለም። አያትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲህ አልነበረችም። ከወንዙ ማዶ ካለው ቤት ጧት ጭስ ሲወጣ ካላየች፣ ደህና ናችሁ ወይ ብላ አትልክም። ደህና ነን ነዋ የሚሉ! እኔን የሸክላ ስባሪ ገል አስይዛ፣ ሂድ እሳት ጭረህ ና ትለኛለች። የኛ ምድጃ እየነደደ! እሳት እያለን ለምን ስላት፣ አንተ ሂድ ትለኛለች። እሄዳለሁ፤ እሳት ካላቸው ገሌን ሞልተው ይሰጡኛል፤ እሷም ገሉን አይታ ዝም ትላለች። አንድ ጧት ግን ብሄድ እሳት የለም። ሰውየው ንዳድ ጥሎት ተኝቷል፣ ሚስቱ አጠገቡ ኩርምት ብላለች፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። በዋዜማው ቤተ ክርስቲያን አግኝታን ደህና ነን ብላናለች፣ ስቃ።» አቶ ባንተአምላክ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተቱና ወደ በሩ አዩ። ያምሮት ይህን አላስተዋለችም፤ ቆማ ሻርፗን ትፈልግ ነበር።

«አባየ፣ ሄድኩ!»

«እህሉን ጨርሽ እንጅ!»

«ማታ!»

ባጃጁ ሃያ ብር አለ፤ አልተከራከረችም። እዚያች ጠባብ ክፍል ተመልሳ ያቺን አንዲት መስመር ሰረዘቻትና አዲስ ነገር መጻፍ ጀመረች። ከእንግዲህ ሲስተሙ እንዴት ነህ አይባልም፤ ሥራ ይታዘዛል። «እሳት ጫሪ» የምትባል፣ በዓለም ላይ የሌለች ገበሬ፣ ልክ የልማት ሠራተኛ እንደመዘገባት ሆና በዋናው በር ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ማዶ መዝገቡ ይጠየቃል፦ እሳት ጫሪ ደርሳለች? ከደረሰች ስሟ ይፋቅና ሲስተሙ ደህና ነው ይባላል። ካልደረሰች ደህና አይደለም፤ ምንም ቢል ደህና አይደለም። ስትጽፍ ጣቶቿ ይጣደፉ ነበር፤ ልክ ያኔ ሬዲዮውን እንደፈታችበት ቀን ነበር የሆነችው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሳ አስነሣችውና ወደ አዳራሹ ሮጠች። ክቡ እንደ ወትሮው አረንጓዴ ነው። አንድ ደቂቃ ቆየ። ከዚያ ቀላ። ከሥሩ «ደህና አይደለሁም» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ሰልፉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ስመኘው እስክሪብቶውን እንደያዘ ከመስኮቱ ኋላ ብድግ አለ። ያምሮት ግን ወደ ሰርቨሩ ተመልሳ እሳት ጫሪዋን ልትፈልግ ሄደች፤ በዋናው በር ገብታለች፣ መዝገቡ ላይ አልደረሰችም፣ እንግዲህ መካከል ላይ የሆነ ቦታ ቆማለች ማለት ነው። ብዙም አልፈለገቻትም። በር ላይ የሚገቡ ስሞች ወደ መዝገቡ እስኪወሰዱ ድረስ ተራ የሚጠብቁበት ቦታ አለ፤ ከዚያ እየተቀበለ የሚያደርስ አንድ አመላላሽ ፕሮግራም ነበር። ግንቦት ሁለት ቀን ግማሽ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሌሎቹ ሁሉ ተነሡ፤ አመላላሹ አልተነሣም። ማንም ደግሞ አልጠየቀውም። እሳት ጫሪ ከሰልፉ መጨረሻ ቆማለች። ከፊቷ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ቆሟል፤ ሁሉም «ተመዝግበዋል» ተብሎ ወደ ቤቱ የተሸኘ፣ ሁሉም አሥር ቀን ሙሉ ተራ የሚጠብቅ። ያምሮት ደስታዋና እንባዋ አንድ ላይ መጡባት።

አቶ ገነነ አዳራሹ ውስጥ ጠበቋት። ፊታቸው ከክቡ አልተሻለም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ትልቅ ቤተሰብ ያላቸው፣ እንግዳ ሲመጣ ሌሊቱን የማይተኙ ሰው ናቸው። እጇን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷት።

«ያምሮት፣ በእናትሽ፣ ይኼን ወደ አረንጓዴው መልሽው። የክልል እንግዶች ቡሬን አልፈዋል። ነገ ቀስ ብለሽ ታስተካክይዋለሽ።»

«መመለስስ አንድ መስመር ነው ጋሼ። ግን በአሥር ሰዓት የሚሄደው ዘር ትርፍ አይደለም። ባለቤት አለው።»

«ቀስ በይ። ሰው ይሰማል።»

ሰው ሊሰማ ይገባል ብላ አሰበች። ሥራዋን ግን ልታጣ ትችላለች። አራት ወር የተጨበጨበላት ነገር ባዶ እንደነበረ በሰልፉ ሁሉ ፊት ልትናገር ነው። ወደ ንግሥቴ አየች፤ ከጧት ጀምሮ ከተቀመጡባት ወንበር አልተነሡም። «አረንጓዴው ውሸት ነበር» አለች፣ ከራሷ ድምፅ ራሷ እየደነገጠች፤ «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኒህ እናት አልዋሹም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። በዚህ አሥር ቀን የተመዘገበው ሰው ሁሉ ስሙ ሲስተሙ ውስጥ ቀርቷል።»

አቶ ገነነ ግንባራቸውን ያዙ። «ማን ስምሽን ጠራ?» አሉ በሹክሹክታ፤ «ማን ጠየቀሽ?»

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም፣ ጌታየ» አሉ ንግሥቴ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «እሷስ ደግ አደረገች።»

ከሰልፉ መካከል አንድ ሰው «እውነት ነው» አለ፤ ሌላው ደገመው። አቶ ገነነ ሰልፉን አዩ፣ ቴሌቪዥኑን አዩ፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ግማሽ የተጫኑትን አይሱዙዎች አዩ። «ስንት ስም ነው?» አሉ። «ሁለት መቶ አሥራ አራት» አለች። «ትርፍ የተባለውስ ስንት ከረጢት ነው?» ስመኘው ወረቀቱን ገለጠ፤ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበ። «ሁለት መቶ ሃያ» አለ። በነፍስ ወከፍ አንድ ከረጢት ነው የሚታደለው። በአዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ለየራሱ ደመረው። አቶ ገነነ እጃቸውን ከግንባራቸው አወረዱና፣ «ሂድ ጭነቱን አስቁም» አሉት ለስመኘው።

ያምሮት አመላላሹን ከወደቀበት አስነሣችው። ስሞቹ አንድ በአንድ መጓዝ ጀመሩ፤ አታሚው ማሽን ወረቀት ይተፋ ጀመር። እንግዶቹ የደረሱት ክቡ ገና ቀይ እንዳለ ነው። አቶ ገነነ ላባቸውን ጠርገው ተቀበሏቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲጠቁም ያምሮት አቶ ገነነን አየቻቸው። «ይኼማ አዲስ ነገር ነው» አሉ አቶ ገነነ ደረታቸውን ነፍተው፤ «የኛ ሲስተም ሲያመው ይናገራል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ የለም።» ያምሮት ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። እሳት ጫሪ መዝገቡ ላይ ስትደርስ ክቡ አረንጓዴ ሆነ፤ የዛሬው አረንጓዴ ግን ሠርቶ የመጣ ነው። ስመኘው «ንግሥቴ ወልደ ዮሐንስ» ብሎ ጠራ። ይቅርታ አላለም፤ እንዲህ ያለው ነገር በአፉ አይወጣለትም። ከመስኮቱ ኋላ ወጥቶ ከረጢታቸውን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ፣ ማንኩሳ የሚወስደው ባጃጅ ድረስ አደረሰላቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እቤቷ ገባች። ገና ብርሃን ነው። ጧፍ የመሰለ ቀጭን ዝናብ ጀምሯል፤ አባቷ በሩን ከፍተው ጓሮውን ያያሉ። «እንዴት ዋሉ አባየ?» አለች ከልማዷ። «ደህና ዋልኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሻርፗን ልትሰቅል እጇን ከዘረጋችበት ቀጥ አለች። ባዶ እጃቸውን መምጣታቸው፣ ፎቶውን ማየታቸው፣ ዛሬ ልመለስ ይሆን ማለታቸው፣ ያን ወሬ ሲያወሩ መሐል ላይ ዝም ማለታቸው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። ቀኑን ሙሉ ማሽን ስትመረምር ዋለች። አባቷን ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ እንዴት ነዎት ብቻ ነው ያለቻቸው። ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አባየ፣ አከራየ ጓሮውን ዘርተሽ ብይ ብላኛለች። ከዘንድሮው ምርጥ ዘርዎ አንድ ጣሳ ይላኩልኝ።»

አቶ ባንተአምላክ ፊቷን አላይ አሉ። የጋቢያቸውን ጫፍ አጠፉ፣ ዘረጉ፣ መልሰው አጠፉ።

«አንድ ጣሳ?»

«አንድ ጣሳ።»

«የለኝም ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ልክ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። «ተመዝግቤ ነበር። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሜ የለም። ትናንት እናንተ ግቢ ድረስ መጥቸ ነበር፤ መስኮቱ ዘንድ ልደርስ ሁለት ሰው ሲቀረኝ፣ ከፊቴ ያለው ሰውየ ሲስተማችሁ የተረገመ ነው ብሎ ይጮሃል። ጸሐፊው፣ ይኼን የሠራች ያምሮት የምትባል ጎበዝ ናት፣ ጥፋቱ የናንተው ነው አለው። ታዲያ እኔ ምን ልበል? ልጄን በሰው ፊት ልክሰሳት? ሰልፉን ጥየ ወጣሁ። ለናትሽ ምን ብየ እንደምመለስ ሳስብ ነው ያደርኩት፣ ሳስብ ነው የዋልኩት።»

ያምሮት ስልኳን አወጣች። ዝርዝሩን ወደ ታች ጎተተችው። ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ስም አንዱንም ሳታነብ ነው የላከቻቸው፤ ጊዜ አልነበራትም። መቶ ሠላሳ አንደኛው ላይ ቆመች። «ባንተአምላክ ወንዳወቅ» ብላ አነበበች፤ «ነገ ጧት አብረን ሄደን እንወስዳለን፣ አባየ። በሰልፉ። መስኮቱ ድረስ።» አባቷ ስልኩን ተቀብለው፣ ማንበብ ባይችሉም፣ ጣቷ የጠቆመችበትን ቦታ አተኩረው አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ ዓይናቸውን አረጠበው። «አንቺ! ለካ እሳት ልትጭሪብኝ ነው የመጣሽ!»

እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «እማየስ?» አለች።

አፋቸውን ከፈቱ። ደህና የሚለው ቃል ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ነበር፤ አየችው። መልሰው ዘጉት። «እናትሽ...» አሉ፤ «ዓይኗን እየጋረዳት ነው። ከፋሲካ ወዲህ መርፌ ላይ ክር መሰካት ተስኗታል። ስትደውይ ስልኩን ከፍቸ የማስይዛት እኔ ነኝ። እንዳትነግራት፣ ትጨነቃለች ብላ አስምላኛለች።»

ያምሮት የፕላስቲክ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋችና የአባቷን እጅ ያዘች።

«ከብቱስ?» አለች።